ሽጉጥ ለመግዛት 367 ገጽ፦ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችና የጦር ኃይል ግዥ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጦር መሣሪያ አይደለም። መሣሪያው ወታደሩ እጅ እስኪገባ ድረስ ስለሚያልፍበት የወረቀት መንገድ ነው። ርዕሱ እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል፤ ትንሽ ታገሱኝ። ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ ከአሜሪካ ናቸው፤ ጥቂቱ ከዩክሬን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከሽጉጥ እንነሳ። የአሜሪካ ምድር ጦር ያረጀውን የወገብ ሽጉጡን በአዲስ ሊቀይር አሰበ። ሽጉጥ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ዕቃ ነው። የጨረታው ሰነድ ግን 367 ገጽ ሆነ። ለሙከራው ብቻ ሁለት ዓመትና 17 ሚሊዮን ዶላር ተያዘለት። በ2016 የጦሩ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል ማርክ ሚሊ ነገሩ መረራቸው። ገንዘቡን በክሬዲት ካርድ ስጡኝና ዛሬ ማታ የአደን ዕቃ መደብር ሄጄ ልግዛው እስከማለት ደረሱ። በአደባባይ ነው የተናገሩት። ጨረታው ግን በራሱ ፍጥነት ቀጠለ። አሸናፊው የታወቀው በጥር 2017 ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቢሮክራቶቹን ይረግማል። እኔ ቶሎ አልረግምም። እያንዳንዱ ገጽ የገባበት ምክንያት አለው። አንዱ የማይረባ ዕቃ ሸጠ፤ አንድ ገጽ ተጨመረ። ሌላው ከዘመዱ ገዛ፤ ሌላ ገጽ ተጨመረ። የተሸነፈ ተጫራች ከሰሰ፤ አሥር ገጽ ተጨመረ። መጨመር ቀላል ነው። መቀነስ ግን ፊርማ ይጠይቃል፤ ነገ ችግር ቢፈጠር ጣት የሚቀሰረው በፈራሚው ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ለወታደር ብስኩትና በቸኮላት ለተሸፈነ ኬክ 26 ገጽ መግለጫ ተጻፈ። ቀልድ እየፈጠርኩ አይደለም። ሰነዱ የመዝገብ ቁጥርም አለው።

በዚህ ላይ የበጀቱን ጣጣ ጨምሩበት። የአሁኑ አሠራር መሠረቱ የተጣለው በ1961 ነው። ሮበርት ማክናማራ ከፎርድ መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንትነት ተነስተው የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ የትልቅ ፋብሪካ ዕቅድ አወጣጥን ይዘው መጡ። በዚህ አሠራር ዛሬ የታሰበ ነገር ገንዘብ የሚያገኘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ለመርከብ ይህ ምንም አይደለም። መርከብ ተሠርቶ እስኪያልቅ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ አሥርት ዓመታት ያገለግላል። ሶፍትዌር ግን ሁለት ዓመት ከጠበቀ፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ሻጮቹም ቢሆኑ ተመናምነዋል። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ በጀቱ ቀነሰ። በ1993 የፔንታጎን ባለሥልጣናት የኩባንያ ኃላፊዎችን እራት ጋበዙ። ምክትል ሚኒስትሩ ዊልያም ፔሪ መልእክቱን አላድበሰበሱትም። ሁላችሁንም የሚያኖር ገንዘብ የለንም ነበር ፍሬ ነገሩ። ተጋባዦቹ ገባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሌላውን መግዛት ጀመረ። ፔንታጎን ራሱ ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ1990ዎቹ 51 የነበሩት ዋና የአየርና የመከላከያ ተቋራጮች ወደ 5 ወርደዋል። በኢንዱስትሪው ውስጥ ያ ግብዣ እስከ ዛሬ «የመጨረሻው እራት» ይባላል። አምስት ሻጭ ብቻ ባለበት ገበያ ጨረታ የይስሙላ ነው።

እንግዲህ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹ ብቅ ያሉት እዚህ ላይ ነው። እነሱ ራሳቸውን ከውጭ የመጡ አዳኞች አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቹን መናኸሪያ፣ የካሊፎርኒያውን ሲሊከን ቫሊን ጡት ያጠባው ወታደራዊ ግዥ ነው። በ1962 የአሜሪካን ቺፕ የሚገዛ ከመንግሥት ሌላ አልነበረም ማለት ይቻላል። የአንዱ ዋጋ 50 ዶላር ገደማ ነበር። የሚኒትማን ሚሳይልና ሰው ወደ ጨረቃ የላከው የአፖሎ ፕሮግራም በገፍ ገዙ። ፋብሪካዎቹም እየሠሩ ተማሩ። በ1968 ዋጋው ከሦስት ዶላር በታች ወርዶ፣ የመንግሥት ድርሻም ከግማሽ በታች ሆኖ ነበር። ከዚያ ሲቪሉ ገበያ ይዟቸው ነጎደ።

እዚህ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአፖሎን ኮምፒውተር የነደፉት የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች የመጣላቸውን ቺፕ ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። ይፈትናሉ፤ ያልጣማቸውን ይመልሳሉ። ገዢው የሚገዛውን ነገር ያውቅ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ መጨረሻው እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ ኳታር እንሂድ። እዚያ አል ኡዴይድ የሚባል የአየር ጦር ሰፈር አለ። በኢራቅ፣ በሶሪያና በአፍጋኒስታን ሰማይ ላይ የሚበሩት የአሜሪካና የአጋሮቿ አውሮፕላኖች የሚመሩት ከዚያ ነበር። ተዋጊ አውሮፕላን ረጅም ሰዓት አየር ላይ የሚቆየው እዚያው እየበረረ ነዳጅ የሚሞላለት ሌላ አውሮፕላን ሲኖር ነው። የትኛው ነዳጅ ጫኝ ይነሳ? በስንት ሰዓት? በየት ከፍታ ይጠብቅ? ለማን ስንት ይስጥ? ይህ ሁሉ በየቀኑ ይታቀዳል። በ2016 ይህ ሥራ የሚሠራው በምን ነበር መሰላችሁ? ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ። ማግኔት ይለጠፋል። በቀለም ይጻፋል። ስሌቱ ደግሞ ኤክሴል ላይ ይመታል። አንድ ተልዕኮ ከተቀየረ ሁሉም ከእንደገና። ሰሌዳውን በክርኑ ያበሰ ሰው የቀኑን ዘመቻ አብሮ ያብሳል።

ሶፍትዌር ስላልታዘዘ አይደለም። ታዟል። የአየር ዘመቻው የሚመራበትን ማዕከል የሚያዘምን ትልቅ ፕሮግራም ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ወጪው ከ374 ሚሊዮን ዶላር ወደ 745 ሚሊዮን አሻቀበ። ሰሌዳው ግን ከግድግዳው አልወረደም። በ2017 አየር ኃይሉ ፕሮግራሙን ሰረዘው።

መፍትሔው የመጣው በሌላ በር ነው። በ2015 የመከላከያ ሚኒስትሩ አሽ ካርተር ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው ውስጥ አንድ ትንሽ ቢሮ ከፍተው ነበር። ዛሬ የመከላከያ ኢኖቬሽን ዩኒት ይባላል። የዚህ ቢሮ ሰዎች ሰሌዳውን አዩት። ፒቮታል ከሚባል ኩባንያ ፕሮግራመሮች አመጡ። ከአየር ኃይሉ ባለሙያዎች ጋር አጣመሯቸው። ወታደሩ ሥራውን ሲሠራ ፕሮግራመሩ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ጽፎ ያሳያል። ወታደሩ «ይሄ አይሠራም» ሲል ያስተካክላል። በአራት ወር ገደማ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ተገኘ። ወጪውም በጥቂት ሚሊዮን እንጂ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር አልነበረም። ዕቅዱ ሲጠራ በየቀኑ የሚነሱት ነዳጅ ጫኞች ቁጥር ቀነሰ። በተረፈው ነዳጅ ብቻ የሶፍትዌሩ ወጪ በአጭር ጊዜ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አጨብጭበው ያቆማሉ። እኔ የምወደው ቀጥሎ የመጣውን ነው። አየር ኃይሉ በ2017 ቦስተን ውስጥ ኬሰል ረን የሚባል የራሱን የሶፍትዌር ክፍል አቋቋመ። የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ኮድ መጻፍ ጀመሩ። ከኩባንያው የወሰዱት ትልቁ ነገር መተግበሪያው አልነበረም። የአሠራር ልማዱ ነው።

ያ ትንሽ ቢሮ በፍጥነት እንዴት ገዛ? አዲስ ሕግ አላስወጣም። ከ1958 ጀምሮ ናሳ የነበረውን፣ በኋላ መከላከያም ያገኘውን ከመደበኛው የግዥ ደንብ ውጪ የሆነ የውል ዓይነት ተጠቀመ። ኮንግረስ በ2015 መጨረሻ ይህን ሥልጣን አስፍቶት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ጦሩ ችግሩን በጥቂት መስመር ይጽፋል። ዕቃው ምን መምሰል እንዳለበት አይዘረዝርም። ኩባንያው በአምስት ገጽ ወይም በአሥራ አምስት ስላይድ ይመልሳል። የተመረጠው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሙከራ ውል እንዲፈርም ይታሰባል። ሙከራው ከተሳካ ያለ ሌላ ጨረታ ወደ ብዛት ግዥ መሄድ ይቻላል።

ጥሩ ነው። ዋጋ ግን አለው። የተተወው ደንብ ከያዛቸው ነገሮች መካከል ግልጽነት ይገኝበታል። የዋጋ ማስረጃ ማቅረብ ቀርቷል። የሒሳብ ምርመራው ላልቷል። ለሦስት ወር ሙከራ ይህ ችግር የለውም። ውሉ ወደ መቶ ሚሊዮኖች ሲያድግ ግን እነዚያ የተሰደቡት ገጾች ይናፍቁናል።

በሩን የከፈተው ግን ቢሮው ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤትም አለ። በ2014 የሮኬት ኩባንያው ስፔስኤክስ የአየር ኃይሉ የሮኬት ግዥ ያለ ውድድር ለአንድ ወገን ተሰጥቷል ብሎ ከሰሰ። በ2015 መጀመሪያ ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት ሮኬቱ የጦር ሳተላይት እንዲያመጥቅ ተፈቀደለት። በ2016 ደግሞ የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር የሚሠራው ፓላንቲር ምድር ጦሩን ከሰሰ። ክርክሩ ገበያ ላይ ያለቀለት ሶፍትዌር እያለ ለምን ከዜሮ ልታሠሩ ትነሳላችሁ የሚል ነበር። ፓላንቲር ረታ። የረታበት ሕግ የወጣው በ1994 ነው። መንግሥት ከማሠራቱ በፊት ገበያ ላይ ያለውን ያጣራ ይላል። እና ሃያ ዓመት ሙሉ ሕጉ ነበር፤ የሚያነበው ጠፍቶ እንጂ። በ2019 ጦሩ ለዚሁ ከሳሹ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊደርስ የሚችል ውል ሰጠ።

ታዲያ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የገባበት ሁሉ ይቀናል? በጭራሽ። ጄዳይ የሚባለው የ10 ቢሊዮን ዶላር የክላውድ ውል፣ ማለትም የጦሩን መረጃ በኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ የማስቀመጥ ውል፣ በ2019 ለማይክሮሶፍት ተሰጠ። አማዞን ከሰሰ። ሁለት ዓመት ገደማ ሲጓተት ቆይቶ በ2021 ተሰረዘ። በ2022 መጨረሻ ሌላ ውል ለአራት ኩባንያዎች ተከፋፈለ፦ ለአማዞን፣ ለጉግል፣ ለማይክሮሶፍትና ለኦራክል። ስህተቱ የድሮው ስህተት ነው፤ ሁሉን ለአንድ ሻጭ።

የመነጽሩ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ማይክሮሶፍት በ2021 ለወታደሮች የሚሆን ዲጂታል መነጽር ለማቅረብ እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊደርስ የሚችል ውል አገኘ። ወታደሮቹ ሞከሩት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያዛቸው። ጨለማ ውስጥ ብርሃኑ ለጠላት ያጋልጣል የሚል ስጋትም ተነሳ። በ2025 ሥራው አንዱሪል ወደሚባል የመከላከያ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መዛወሩ ተነገረ። ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የተሠራን ዕቃ ጭቃ ውስጥ ለሚሳብ ሰው ማልበስ ቀላል አይደለም። የሲሊከን ቫሊ ሰዎች ይህን ለመቀበል ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ትናንሾቹ ኩባንያዎች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ሙያተኞቹ «የሞት ሸለቆ» ይሉታል። ሙከራው ተሳክቷል። ጄኔራሎቹ አጨብጭበዋል። ፎቶ ተነስቷል። ገንዘቡ ግን በሚቀጥለው የበጀት ዙር፣ ካልሆነም በዚያኛው ነው የሚመጣው። ጭብጨባ ደመወዝ አይከፍልም። በመሃል ኩባንያው ይዘጋል ወይም ይሸጣል። ገዢው ማን እንደሚሆን ገምቱ። ብዙ ጊዜ ከአምስቱ አንዱ።

በነሐሴ 2023 ምክትል ሚኒስትር ካትሊን ሂክስ ሬፕሊኬተር የተባለ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። ዋጋቸው የማይጎዳ፣ ቢጠፉ የማይቆጩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰው አልባ መሣሪያዎች ከ18 እስከ 24 ወር ውስጥ ይሰማራሉ አሉ። ጊዜው ሲደርስ የገቡት በሺዎች የሚቆጠሩ አልነበሩም። ቢሆንም ሙከራውን አልንቀውም። ቀነ ገደብ ቆርጦ በአደባባይ መናገር በዚያ ሰፈር ብርቅ ነው።

ስለ ሠራተኞቹም ሁለት ነገር ልበል። በ2017 ፔንታጎን ሜቨን የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። ከድሮን የሚመጣውን የቪዲዮ ክምር ሰው አይቶ ስለማይጨርሰው ኮምፒውተር እንዲያየው ነው። ጉግል ተሳተፈ። በ2018 በሺዎች የሚቆጠሩ የጉግል ሠራተኞች ፈርመው ተቃወሙ። ኩባንያው ውሉን አላድስም አለ፤ ለጦር መሣሪያ የሚውል ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አልሠራም ብሎ ቃል ገባ። በ2025 ቃሉን ከመመሪያው ላይ አነሳው። ግራም ነፈሰ ቀኝ፣ ለገዢው የሚመለከተው ነጥብ አንድ ነው። የሻጩ ሠራተኛም በግዥው ላይ ድምፅ አለው። ይህ ታንክ ፋብሪካ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው።

ዩክሬን ነገሩን ሁሉ ወደ ፊት አፈጠነችው። ግን የዩክሬንን ታሪክ በድሮን አልጀምርም። በእንቁላል ነው የምጀምረው። በጥር 2023 ጋዜጠኞች የመከላከያ ሚኒስቴሩን የምግብ ውል አወጡት። አንድ እንቁላል በ17 ሂሪቭንያ፣ በዩክሬን ገንዘብ ማለት ነው፣ ተገዝቷል። ኪየቭ ሱቅ ውስጥ ዋጋው 7 ገደማ ነበር። ሕዝቡ ለጦሩ ከኪሱ እያዋጣ ባለበት ሰዓት ነው ይህ የተሰማው። ቁጣው የዋዛ አልነበረም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የምግብ ዋጋ ይፋ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ምግብና አልባሳት የሚገዛ ራሱን የቻለ ተቋም ተቋቋመ። ግዥው ፕሮዞሮ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ የጨረታ መድረክ ሄደ። ፕሮዞሮን የሠሩት ከጦርነቱ በፊት የሲቪል ማኅበረሰብ ሰዎች፣ የንግዱ ዓለም ሰዎችና መንግሥት አንድ ላይ ሆነው ነው። ለእኔ የቴክኖሎጂ ትልቁ አስተዋጽኦ እንዲህ ያለው ነው። የሚበር ነገር የለውም፤ ፎቶም አይወጣለትም። ዋጋውን ግን ሁሉም ያየዋል።

ድሮኑም አለ። በጥቂት መቶ ዶላር የሚሠራ ድሮን በብዙ ሚሊዮን የሚገመት ታንክ ያቃጥላል። ችግሩ ዕድሜው ነው። ጠላት ድሮኑ የሚታዘዝበትን የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ያውቅና ያፍነዋል። ባለፈው ወር የሠራው ዛሬ መሬት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ግንባር ያለው ወታደር ለአምራቹ በቀጥታ መልእክት ይልካል፤ አምራቹ ሬዲዮውን ይቀይራል። በ2023 ብሬቭ ዋን የሚባል የመንግሥት መድረክ ፈልሳፊውን፣ ገንዘቡንና ወታደሩን እንዲያገናኝ ተቋቋመ። ቆይቶ ደግሞ ክፍሎች በቪዲዮ ለተረጋገጠ ጥቃት ነጥብ ያገኙ ጀመር። በነጥቡ ከኢንተርኔት ገበያ የሚፈልጉትን ድሮን ይመርጣሉ። እንደ ግዥ ካየነው ብልህ አሠራር ነው። የትኛው ዕቃ እንደሚሠራ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። እንደ ሰው ሳየው ግን ይከብደኛል። የሰው ሞት ወደ ነጥብ፣ ነጥቡ ወደ ሸቀጥ ሲቀየር የሆነ ነገር ይጎረብጣል። ሁለቱንም ስሜት ይዤ ነው የምኖረው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፍጥነት ነው። አሁን ስለ ባለቤትነት። የስፔስኤክስ የሳተላይት ኢንተርኔት የሆነው ስታርሊንክ የዩክሬንን ጦር ግንኙነት አዳነ ቢባል ማጋነን አይደለም። ግን የኩባንያው አለቃ ኢሎን ማስክ ራሱ በ2023 እንዳመነው፣ አገልግሎቱን ሩሲያ በያዘችው ክራይሚያ እስካለው የሴቫስቶፖል ወደብ ድረስ እንዲያበራ የቀረበለትን አስቸኳይ ጥያቄ አልተቀበለም። ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ለናንተ ልተው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ውሳኔ በአንድ ግለሰብ ስልክ የሚያልቅ መሆኑ ነው።

የድሮዎቹ ተቋራጮችም ከዚህ አይሻሉም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2023 እንዳመለከተው መከላከያው ኤፍ 35 አውሮፕላኑን በራሱ ለመጠገን የሚያስችለው የቴክኒክ መረጃ ሙሉ በሙሉ በእጁ የለም። ውሉ ሲፈረም መረጃውን አልገዛም። አውሮፕላኑ የእሱ ነው፤ እውቀቱ ግን የሻጩ። አዲሶቹ ኩባንያዎች ይህን ነገር በሶፍትዌር ሊደግሙት ይችላሉ። እንዲያውም ለእነሱ ይቀላቸዋል። ወርሃዊ ክፍያ፣ የተዘጋ ኮድ፣ በእነሱ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የናንተ መረጃ። አምስቱን በሌላ አምስት መቀየር ማዘመን አይባልም።

በሰኔ 2025 የአሜሪካ ምድር ጦር ከሜታ፣ ከፓላንቲር፣ ከኦፕን ኤአይና ከሌላ አንድ ኩባንያ አራት ሰዎችን በተጠባባቂ ሌተና ኮሎኔልነት ሾመ። ዓላማው ጦሩ እውቀት እንዲያገኝ ነው ተባለ። ጦሩ እውቀት መፈለጉ ትክክል ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሻጭ የሆነ ሰው ቅዳሜ የገዢ አማካሪ ሲሆን፣ በየትኛው ባርኔጣ እንደሚናገር ማን ያውቃል? እኔ ብሆን ገንዘቡን ለወጣት መኮንኖች ሥልጠና አውለው ነበር። የኬሰል ረን ልጆች ይህ እንደሚቻል አሳይተዋል።

ከእናንተ መካከል ወደ ግዥ ሥራ የምትገቡ ካላችሁ፣ ውል ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ዋጋውን አትዩ። መረጃው የማን እንደሆነ እዩ። ሌላ ኩባንያ መጥቶ ከዚህ ሥርዓት ጋር ልቀጥል ቢል በሩ ክፍት ነው ወይስ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል? ሻጩ ቢከስር ወይም ቢያኮርፍ ሥርዓቱን ማን ያስኬደዋል? ሙከራውን የሚያካሂደው ማን ነው፣ ተጠቃሚው ወታደር ወይስ የሻጩ ሠራተኛ? ለእነዚህ መልስ ከሌለ ሦስት ወርም ይሁን ሦስት ዓመት ቢፈጅ ለውጥ የለውም። መልሱ ውሉ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ገጹ 367 አይደርስም።

ጊዜ ተርፎናል፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።